ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ማሽን



የዛሬው ዲስኩር ጉዳይ በብዙ ግቢ ጥግ ላስቲክ ለብሶ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ባለቤቶቹ ከውጭ ሲመለሱ በጓዛቸው ይዘውት የመጡት፣ ጥቂት ዓመት አገልግሎ አንድ ቀን ዝም ያለ፣ ከዚያ ወዲህ የሽንኩርት ማስቀመጫ ወይም የዶሮ መስፈሪያ የሆነ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ባለቤቱ እንዳይጥለው ያሳሳዋል፤ እንዳያሠራው ማን ዘንድ እንደሚወስደው አያውቅም። ቁራሌው በደጅ ሲያልፍ ይጠራና ዋጋ ይጠየቃል። ቁራሌው ማሽኑን በላሜራው ኪሎ ይገምተዋል። ዋጋው ሲሰማ ደግሞ ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

እንዲህ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። በተለይ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ በእጅ በሚዞር ሰዓት የሚሠራው ዓይነት እንዲፈታና እንዲጠገን ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚህም አልፎ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ኤሌክትሮኒክስ ከበዛበት አዲስ ማሽን ይልቅ የሚስማማበት ምክንያት አለ።

ማሽኑ ምን ድካም እንደሚያቀል ለማየት ከማሽኑ በፊት ከነበረው መጀመር ይሻላል። ውኃ የጠጣ ጋቢ የጨመቀ ሰው ያውቀዋል። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ካልጠመዘዙት ውኃው አይወጣም። በሳፋ ላይ አጎንብሶ አንሶላ ማሸት ወገብ ይሰብራል፣ በረኪናና ሳሙና የጣት ቆዳ ይልጣል። ሥራው የወደቀውም ባመዛኙ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። እዚህ ሐዋሳም በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ ገጠርና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ ስቧል። ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፉ የዋሉ እጆች ማታ በኪራይ ቤት ደጃፍ የራሳቸውን ልብስ በሳፋ ያጥባሉ።

በዚህ አገር ልብስ ማጠብ የራሱ ዕውቀት ነበረው፣ እንዶድን የሚያህል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ በመነሣት ባደረጉት ምርምር እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በዓለም የታወቀው የዚህ ምርምር መነሻ ልብስ አጣቢ ሴቶች የሚሠሩትን ቆም ብሎ ማየት ነው።

ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ሃንስ ሮስሊንግም እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረጉት ንግግር እናታቸውን አስታውሰዋል። ማሽን ቤታቸው በገባ ዕለት የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዕድሜ ልኳን ውኃ በእንጨት እያሞቀች በእጇ ስታጥብ የኖረችው አያታቸው ማስነሻውን ልጫን ብላ ለመነች። እናታቸው ደግሞ ማሽኑ ባተረፈላት ጊዜ ልጇን ቤተ መጻሕፍት ትወስደው ጀመር። ሮስሊንግ በዚያው ንግግር እንዳሉት በዚያን ጊዜ ከነበረው 7 ቢሊዮን ሕዝብ ማሽን የሚጠቀመው 2 ቢሊዮኑ ብቻ ነበር።

የማሽኑ ታሪክ ራሱ ረጅም ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂቱ ይበቃል። በአሜሪካ ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ለመኖሪያ ቤት የሚሆን፣ ራሱን ችሎ የሚያጥብ ማሽን አሳየ፤ በሩ ግን ከፊት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ፣ ከላይ የሚከፈቱት አውቶማቲኮች ገበያውን ያዙት። በአዮዋ ግዛት ኒውተን ከተማ የተቋቋመው ሜይታግ ደግሞ ልብሱን በሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል አስገብቶ የሚጨምቀውን የድሮ ዓይነት እስከ 1983 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። ዛሬ በግቢ ጥግ የሚገኙት የአሜሪካ ማሽኖች የዚያ ዘመን የልጅ ልጆች ናቸው፦ ዊርልፑል፣ ኬንሞር፣ ሜይታግ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ።

ከላይ የሚከፈተው ማሽን ውስጡ ቀላል ነው። ውኃ የሚይዝ ትልቅ በርሜል አለ፤ በበርሜሉ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቅርጫት፣ በቅርጫቱ መሐል ደግሞ ክንፍ ያለው ምሰሶ ይቆማል። ይህ ምሰሶ ሥራው የወጥ ማማሰያ ሥራ ስለሆነ ማማሰያ ብንለው ያስኬዳል። ሲያጥብ ማማሰያው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሲጨምቅ ቅርጫቱ በፍጥነት ይሽከረከራል። ከሥር ሞተር፣ ማርሽ ቤትና ፓምፕ አሉ። ከላይ ሁሉን የሚያዝዘው በእጅ የሚዞረው ሰዓት ነው።

ይህ ሰዓት ለኢትዮጵያ ቤት ትልቅ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ባለበት ይቆማል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚጠፋ ትዝታ፣ የሚቃጠል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የለውም። ውኃውም እንዲሁ ነው። የማሽኑ መግቢያ ቧንቧ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ቢሆንም በደንብ የሚያሳልፈው ግፊት ሲኖር ነው። አንድ ባር ግፊት ለማግኘት ሮቶው 10 ሜትር ከፍታ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በ3 ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው አንድ ሦስተኛ ባር ገደማ ነው። በዚህ ግፊት በሩ ከፊት የሆነ ማሽን ውኃ እየጠበቀ በሩን ቆልፎ ይቀራል። ከላይ የሚከፈተው ግን ክዳኑ ተከፍቶ በባልዲ ይሞላለታል። ውኃው ልኩ ላይ ሲደርስ የአየር ግፊት የሚለካው ማብሪያ ይሰማና ማጠብ ይጀምራል። ውኃው ከቧንቧ ይምጣ ከጀሪካን፣ ለማሽኑ ልዩነት የለውም።

አሁን ወደ ችግሩ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ሁሉም ያውቃል፤ ትራንስፎርመር ይገዛል። ሳያውቅ ትራንስፎርመሩን የዘነጋ ሰው ሞተሩን በአንድ ጊዜ አቃጥሎ ይማራል። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይለውጠውም፣ ሞተሮች ቀስ እያሉ የሚያልቁትም በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,725 ጊዜ እንዲዞር ከታሰበ በ50 ኸርዝ የሚዞረው 1,440 ገደማ ነው። በደቂቃ 640 ጊዜ ይሽከረከር የነበረው ቅርጫት 530 አካባቢ ይደርሳል፤ ልብሱ ትንሽ ረጥቦ ይወጣል። ሰዓቱም ይጓተታል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ እጥበት 72 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ጉዳት የለውም፣ የሐዋሳ ፀሐይ የቀረውን ትጨርሰዋለች። ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። የሞተሩ ብረት ለእያንዳንዱ ኸርዝ ሁለት ቮልት እንዲሸከም ተደርጎ ተለክቷል፤ 120 ለ60። በ50 ኸርዝ ልኩ 100 ቮልት ነው። 120 ከተሰጠው ብረቱ ከአቅሙ በላይ ይሞላል፣ ጥምጥሙ ይግላል፣ ቫርኒሹ ይከስላል። ስለዚህ ብዙ መውጫ ያለው ትራንስፎርመር የገዛ ሰው 100 ወይም 110 የሚለውን ይምረጥ፤ 120ው ለዚህ አገር መብራት አይሆንም። አቅሙም ቢያንስ 2,000 ዋት ይሁን፤ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ነውና።

ቺንጋ ያለው ዓይነት ከሆነ ሌላም ዘዴ አለ። ሞተሩን በ220 ሞተር መተካት ይቻላል፤ ያጣውን ፍጥነት ለመመለስ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ የሞተሩን ፑሌጃ በአንድ አምስተኛ ማስፋት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የነበረው 6 ይሆናል። ጭነቱ ስለሚጨምር በአንዴ የሚገባው ልብስ መቀነስ አለበት። ሞተሩ ከተቃጠለም መፍትሔ አለ፤ የሞተር ጥቅለላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወፍጮና የውኃ ፓምፕ እንደሚጠቀልሉ ሁሉ ይህንንም ይጠቀልሉታል።

ከጥገናው አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የተሠሩት የዊርልፑልና የኬንሞር ማሽኖች ብዙዎቹ ቺንጋ የላቸውም፤ ሞተሩ ከማርሽ ቤቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ያጥባል፣ አቅጣጫ ሲለውጥ ይጨምቃል። አንድ ቀን ማሽኑ ውኃ ይሞላል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውኃውንም ያፈሳል፤ ማማሰያው ግን አይነቃነቅም፣ ቅርጫቱም አይዞርም። ባለቤቱ ማርሹ አልቆለታል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ከዚያ ከላይ ያለው የማዘዣ ሳጥን በሁለት ጫፉ ያሉት ሁለት ብሎኖች ተፈትተው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከሥሩ የክዳኑ ማብሪያ ሽቦ ይነቀላል፣ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት የብረት መያዣዎች በካቻቢቴ ተፈልቅቀው ይወጣሉ። ከዚያ ውጫዊው ላሜራ ወደ ፊት ዘመም ሲደረግ እንደ ሸሚዝ ይወልቃል፤ ማሽኑ አንጀቱ ታይቶ ይቆማል። ፓምፑ በሁለት ስፕሪንግ መያዣ ብቻ ነው የተያዘው። ሞተሩም እንዲሁ ጥቂት ብሎኖችና ሁለት መያዣዎች አሉት፤ ከባድ ስለሆነ በጉልበት ደግፎ ማውረድ ነው። በሞተሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ሦስት ሦስት ጣት ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች፣ በመሐላቸውም አንድ ክብ ጎማ ይገኛሉ። ጣቶቹ ተሰባብረው ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ያ ማገናኛ እንዲሰበር ነው የተሠራው። ልብስ ከመጠን በላይ ሲጫን ውዱ ማርሽ እንዳይጎዳ ርካሹ ፕላስቲክ ይሰዋል። ሐሳቡ የቀና መሐንዲስ ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ዕቃ ላይ አይታይም። ፓምፑም ያለ ማርሽ ከሞተሩ ሌላ ጫፍ ጋር ስለሚገናኝ ነው ማገናኛው ተሰብሮ ውኃ ማፍሰሱ የቀጠለው። ይህን ያወቀ ሰው ላሜራውን ሳይፈታ፣ ቆሞ በመስማት ብቻ በሽታውን ይለያል።

የሌሎቹም ሕመሞች ምልክት እንዲሁ በጆሮና በዓይን ይለያል። ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን የሚጮኽ ማሽን ኩሽኔታው አልቋል። ሞተሩ እየተንጎራጎረ የማይነሣ ከሆነ ኮንደንሰሩ ወይም የማስነሻ ማብሪያው ይፈተሻል። ውኃ የማያፈስ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ሳንቲም፣ ቁልፍ ወይም የሕፃን ካልሲ አለ። የማማሰያው ታች ሠርቶ ላዩ የማይዞር ከሆነ ውስጡ ያሉ አራት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ተበልተዋል። ማሽኑ ሲጨምቅ በወለሉ ላይ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ውኃ ልክ አምጥቶ አራቱን እግሮች ማስተካከል ነው፤ ምንም አልተበላሸም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ኮንደንሰር ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እጅ ከመንካቱ በፊት ሁለቱን ጫፎች በአምፖል አገናኝቶ ማራገፍ ያስፈልጋል። ከ1979 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራና ዘይት ያለበት ኮንደንሰር ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል አይከፈትም፣ አይቃጠልም። ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ከላሜራው ጋር መገናኘቱን በቴስተር ሳያረጋግጡ እርጥብ ወለል ላይ ማሽን ማስነሣት በሕይወት መጫወት ነው። የክዳኑን ማብሪያ አስሮ ክዳኑ ተከፍቶም እንዲሽከረከር ማድረግ በአንዳንድ ቤት የተለመደ ነው፤ በደቂቃ 500 ጊዜ የሚዞር ቅርጫት ግን የሕፃን ክንድ ይሰብራል። ማብሪያው ይተካ እንጂ አይታሰር።

መለዋወጫ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ኳስ ያላቸው ኩሽኔታዎች ጠርዛቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ነው። 6204 የሚል ከሆነ የውስጡ ስፋት 20፣ የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጃፓን ይሠራ ቻይና ልኩ አይለወጥም። ስለዚህ የማሽኑን ስም ይዞ ከሱቅ ሱቅ መንከራተት አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ጽፎ የሞተር ብስክሌት ወይም የፓምፕ ዕቃ ወደሚሸጥበት መሄድ ነው። ቺንጋም ቁጥር አለው። ሌላው መንገድ ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ ማስነሣት ነው። የአዲስ አበባው ምን አለሽ ተራ የቆመው በዚህ ጥበብ ነው፤ የተጣለው ዕቃ እዚያ ይፈታል፣ ይለያል፣ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሐዋሳ ቁራሌዎችም ላሜራውን ከመቆራረጣቸው በፊት ሞተሩን፣ ፓምፑንና ሰዓቱን ለይተው ቢያስቀምጡ ከኪሎው የተሻለ ዋጋ ያወጣላቸዋል።

ሀብታም የሚባሉት አገሮች ወደዚህ ሐሳብ እየተመለሱ ያሉት አሁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቲነ ፖስትማ የተባለች ሆላንዳዊት ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው የሚመጡበትን የመጀመሪያውን የጥገና ካፌ አምስተርዳም ውስጥ ከፈተች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ የልብስ ማጠቢያ አምራቾች ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቀርቡ አስገድዷል፤ በ2024 ደግሞ የመጠገን መብትን በሕግ አጸና። እነሱ በሕግ ያስመለሱት ልማድ እዚህ ከሠፈር አልጠፋም። የጎደለው ማሽኑን የሚያውቅ እጅ ነው፤ የመኪና ሞተር አውርዶ የሚሰቅል ወጣት ግን በየጋራዡ ሞልቷል፣ ይህ ማሽን ደግሞ ከመኪና በብዙ ይቀላል።

ውበቱም አይረሳ። የነዚህ ማሽኖች ክዳንና በርሜል ብዙውን ጊዜ ኢናሜል ነው፤ አበባ ያለበት የድሮ ሳህን የተቀባው ዓይነት። ኢናሜል በተላጠበት ቦታ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገቱም ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ቀላል ዝገት በሎሚ ወይም በአቼቶ ርሶ ካደረ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ከዚያ ደርቆ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ጠጥቶ፣ በላዩ ውኃ የሚችል ቀለም ይቀባል። የበርሜሉ ሽታም በአቼቶ ይሄዳል። አቼቶና በረኪና ግን በአንድ ላይ አይጨመሩም፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ማሽኑ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ሁለት ነገር ይታሰብ። ለእጅ እጥበት የተሠራ የዱቄት ሳሙና አረፋ ያበዛል፤ አረፋው ቅርጫቱን ያንቀዋል፣ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ለማለቅለቅም ተጨማሪ ውኃ ያስወጣል። ከተለመደው ሲሶ ያህሉ ይበቃል። ነጠላና ሻሽ ደግሞ ማማሰያው ላይ ስለሚጠመጠሙ ጥለታቸው ይቀደዳል፤ የተቋጠረ የትራስ ልብስ ውስጥ ገብተው ይታጠቡ።

የመጨረሻው ነገር የውኃ ማፍሰሻው ቱቦ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የድሮ ማሽን ለአንድ ዙር እጥበትና ማለቅለቂያ 150 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ከጀሪካን አንጻር ሰባት ተኩል ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚታይ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውኃ ወንዝም ሆነ በየቦዩ የገባው እዚያው ይቀራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ይህን አስቦ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ተሠርቷል። በቤት ደረጃ የሚቻለው ቱቦውን በሁለት መክፈል ነው። የመጀመሪያው ሳሙና የበዛበት ውኃ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይሂድ። የማለቅለቂያው ውኃ በበርሜል ይጠራቀም፤ እሱ በማግስቱ ለሚታጠበው ልብስ የመጀመሪያ ውኃ ይሆናል፣ ክዳኑ ተከፍቶ በባልዲ ይገለበጣል፣ ሰዓቱ ይዞራል፣ ማማሰያውም ሥራውን ይቀጥላል።